መምህር ልጃችንን ሲበድል ወላጅ ወዴት ይሂድ?

ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የቀረበው በገዳሪፍ ግዛት በሚገኝ አንድ የስደተኞች መጠለያ በተካሄደ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ ከወላጅ ተወካዮች አንዷ ያደረጉት ንግግር ነው። ለሌሎች መጠለያዎች ነዋሪዎችም ይጠቅማል ብለን በማመን አትመነዋል። የልጆቹም፣ የመምህራኑም፣ የትምህርት ቤቱም ስም ያልተጠቀሰው ሆን ተብሎ ነው።



በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ መማሪያ ክፍል ጣሪያ፣ ስለ ደብተርና ስለ ውሃ ብዙ ተነግሯል። ሁሉም ትክክል ነው። እኔ የምናገረው ግን ጣሪያ ቢሠራም፣ ደብተር ቢመጣም ስለማይስተካከል አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም መምህር ተማሪውን ሲደበድብ፣ ሲሳደብ፣ በጓደኞቹ ፊት ሲያዋርድ ወላጅ ምን ማድረግ ይችላል? ማንን ይጠይቃል? ሲጠይቅስ ልጁ የባሰ እንዳይጎዳበት እንዴት ይጠነቀቃል? የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ንግግር በመምህራን ላይ የተነሣ ክስ አይደለም። ከመምህሮቻችን አብዛኞቹ እንደኛው ስደተኞች ናቸው። ደመወዝ ሳይሆን አነስተኛ ማበረታቻ እየተቀበሉ፣ እሱም ሲዘገይ እየታገሡ፣ በራኩባ ጥላ ሥር ልጆቻችንን ያስተምራሉ። በልጅ ላይ እጃቸውን አንሥተው የማያውቁ ብዙዎች እዚህ ተቀምጠዋል። የምንነጋገረው ስለ እነሱም ክብር ነው፤ የአንድ ሰው ዱላ የሁሉንም ስም ያጠፋልና።

ቅጣትና በደል ይለያያሉ

ሥርዓት የሌለበት ክፍል ትምህርት የለበትም። ልጅ ሲያጠፋ መምህር ዝም ይበል የሚል ወላጅ የለም። የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ቀርቶ ይሥራ። የሚያውክ ልጅ ቦታው ይቀየር፣ ክፍል ይጥረግ፣ ወላጁ ይጠራ። ይህ ሁሉ ቅጣት ነው፤ ልጁም ለምን እንደተቀጣ ይገባዋል።

በደል ሌላ ነው። በጎማ ቱቦ መግረፍ፣ በጥፊ መምታት፣ ኩርኩም፣ ጆሮ መጠምዘዝ በደል ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በዚህ አገር ልጅን በፀሐይ ላይ ማንበርከክ በደል ነው። «ደደብ»፣ «ለማኝ» ብሎ መጥራት፣ በአባቱ አለመኖር፣ በትውልድ ቦታው፣ በንግግሩ ዘዬ፣ በተቀደደ ልብሱ ማላገጥ በደል ነው። አረብኛ ገና ያልለመደን ልጅ አረብኛ ባለማወቁ መምታት በደል ነው። ተማሪን የመምህር ውሃ ቀጂና ልብስ አጣቢ ማድረግ፣ ለማርክ ገንዘብ መጠየቅ በደል ነው። በሴት ልጅ ላይ የሚሰነዘር የብልግና ቃልና መነካካት ደግሞ ወንጀል ነው። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ይባላል። ከዱላ ይልቅ ስድቡ ልጁን ከትምህርት ቤት እንደሚያስቀር ያየን ወላጆች ጥቂት አይደለንም።

ነገሩ የእኛ መጠለያ ብቻ ችግር አይደለም። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የአንድ ዘመን ልጆችን ለዓመታት ሲከታተል የቆየ ጥናት አለ። የ8 ዓመት ልጆች «ባለፈው ሳምንት መምህር ተማሪ ሲመታ አይታችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ ከኢትዮጵያውያኑ ልጆች ከአራቱ ሦስቱ አዎን ብለዋል። ይህ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። የተጠየቁት በአገራቸው፣ በቀያቸው፣ ከቤታቸው ወጥተው የሚማሩ ልጆች ናቸው። የእኛ ልጆች ደግሞ ጦርነትን አይተው፣ ተከዜን ወይም ሌላውን ድንበር በሌሊት ተሻግረው፣ አንዳንዶቹም ወላጅ ቀብረው የመጡ ናቸው። ጥይት ሰምቶ የበረገገ ልጅ የመምህር ጩኸት ሲሰማ ቢደነዝዝ ስንፍና አይደለም።

«ሥጋው የእናንተ፣ አጥንቱ የእኛ»

በዚህ በሱዳን አገር ወላጅ ልጁን ለኸልዋ ወይም ለትምህርት ቤት ሲያስረክብ «ሥጋው የእናንተ፣ አጥንቱ የእኛ» የሚል አባባል አለ። ብትመቱትም ግድ የለም፣ ብቻ አጥንቱን አትስበሩ ማለት ነው። እኛም አገር ቢሆን ከየኔታ አለንጋ ጋር ያላደገ ፊደል ቆጣሪ ጥቂት ነው። ዛሬም ልጁን ወደ ክፍል ሲያስገባ «ካስቸገረህ ምታው» ብሎ የሚሄድ አባት ከመካከላችን አለ።

«እኛም ተመትተን ነው ሰው የሆንነው» የሚሉ አባቶች አሉ። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ተመትተው የተማሩትን እንጂ ተመትተው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? ከእያንዳንዳችን ጋር ፊደል ጀምረው በዱላ ምክንያት ወደ ከብት ጥበቃ የተመለሱ እኩዮቻችን ነበሩ። እነሱ ዛሬ እዚህ ቆመው ዱላ ጠቀመን አይሉም።

ሕጉስ ምን ይላል?

በአገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መምህር ተማሪውን በመጠኑ ቢቀጣ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት ደንግጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ሲደነግግ፣ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካልን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብዓዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው አስቀምጧል። ስለዚህ «በአገራችን ባህል ነው» የሚለው መልስ በአገራችን ሕግ ፊትም አይቆምም።

«እኛ ያለነው ሱዳን ነው፣ የኢትዮጵያ ሕግ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1989 ጸደቀ። ሱዳን በነሐሴ 1990፣ ኢትዮጵያ በግንቦት 1991 ተቀበሉት። የስምምነቱ አንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲፈጸም መንግሥታትን ያስገድዳል። አንቀጽ 19 ልጅን በአሳዳጊው ወይም በኃላፊነት በሚይዘው ሰው ከሚደርስበት ጥቃት እንዲጠበቅ ያዝዛል። አንቀጽ 22 ደግሞ ስደተኛ ልጅ በዚሁ ስምምነት የተሰጡትን መብቶች እንዲያገኝ ይላል። ሱዳን በ2010 የራሷን የሕፃናት ሕግም አውጥታለች። እንግዲህ ልጃችን ድንበር ሲሻገር ልብሱንና ደብተሩን ጥሎ ይሆናል እንጂ መብቱን ጥሎ አልመጣም።

በስደተኛ ትምህርት ቤቶችም የራሱ መመዘኛ አለ። በአስቸኳይ ጊዜ ስለሚሰጥ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና ከዚያ በኋላ የተሻሻለው ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መመዘኛ መምህራን የሥነ ምግባር ደንብ እንዲኖራቸው፣ ትምህርት ቤቱ ለልጆች ደኅንነት የተጠበቀ እንዲሆን፣ ወላጆችና ኅብረተሰቡ በትምህርቱ አመራር እንዲሳተፉ ያዛል። በመጠለያ ትምህርት የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እኛም ማወቃችንን ሲያውቅ አነጋገሩ ይለወጣል።

ሁለት እናቶች

የወላጅ ጥያቄ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ ልንገራችሁ። በብሪታኒያ፣ በስኮትላንድ ምድር፣ መምህራን ተማሪን መዳፉ ላይ በቆዳ ጠፍር ይገርፉ ነበር። ሕጋዊ ነበር። ወይዘሮ ግሬስ ካምቤል የሚባሉ እናት ልጃቸው እንደማይገረፍ ዋስትና እንዲሰጣቸው የትምህርት ባለሥልጣኖችን ጠየቁ፤ አንሰጥም ተባሉ። የወይዘሮ ጄን ኮሳንስ ልጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1976 በተከለከለ አቋራጭ በመቃብር ቦታ ሊያልፍ ሞከረ ተብሎ ለግርፋት ተጠራ። አባቱ አትቀበል ብለው መከሩት፣ እሱም እንቢ አለ። ትምህርት ቤቱ አገደው፤ ልጁም ተመልሶ አልገባም።

ሁለቱ እናቶች ጉዳያቸውን ወደ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1982 ወሰነ። ልጄ አይመታብኝ የሚል ወላጅ እምነቱ ሊከበርለት ይገባል፤ ልጁንም ግርፋት አልቀበልም በማለቱ ከትምህርት ማገድ የመማር መብቱን መንፈግ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ፓርላማው በ1986 ሕግ አውጥቶ ከነሐሴ 1987 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዱላ ቀረ። ወደ እኛም አህጉር ስንመጣ ደቡብ አፍሪካ በ1996፣ ኬንያ በ2001 በትምህርት ቤት መማታትን ከልክለዋል።

ይህን የምናገረው ሁላችንም ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ ለማለት አይደለም። እነዚያ እናቶች የጀመሩት ግን እኛ ልንጀምር ከምንችለው ቦታ ነው። ትምህርት ቤት ሄደው ጠየቁ። መልሱ ሲያንሳቸው ቀጥሎ ወዳለው ሄዱ።

በእኔ ቤት የሆነው

የእኔ ልጅ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ደብተር ባለመያዙ መምህሩ በጎማ መዳፉን መታው። እጁ አብጦ ማንኪያ መያዝ አቃተው። ደብተሩ ያለቀ መሆኑን ሊናገር ሲሞክር «ለማኝ» ተባለ። ልጆች ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትምህርት የለም» እያለ ከታላላቆቹ ጋር ወደ ሰሊጥ አጨዳ ይሄድ ጀመር። እኛ የገዳሪፍ ሰዎች የሰሊጥ አጨዳ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ልጅ የአንድ ቀን ገንዘብ በእጁ ከያዘ በኋላ ወደ ክፍል መመለስ ይከብደዋል። ከአጨዳው ቀጥሎ ደግሞ ደላላው አለ፤ የሚያወራውም ስለ ሩቅ መንገድ ነው።

ነገሩን ስሰማ በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት፤ እጁን አይተው ወረቀት ጻፉልኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተናገረውን ጻፍሁ። ቀጥሎ የክፍሉን ልጆች ወላጆች ጠየቅሁ። የሌሎች ሁለት ልጆች ወላጆችም ተመሳሳይ ነገር ነበራቸው። ሦስት ሆነን ወደ ርእሰ መምህሩ ሄድን።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያሉት ግን ይህን ነው፦ «ይህን መምህር ከተናገርነው ትቶ ይሄዳል። በዚህ ማበረታቻ ሌላ ከየት አመጣለሁ? ሰማንያ ልጅ ያለ መምህር ይቅር?» እውነተኛ ችግር ነው፤ አቃልለን አላየነውም። እኛም የመለስነው እንዲህ ነበር፦ «መምህሩ እንዲባረር አልመጣንም። ዱላው እንዲቀር ነው የመጣነው። ሦስት ልጆች ቀርተዋል፤ በዚህ ዓይነት ክፍሉ መምህር ይዞ ተማሪ ያጣል።»

ጽሑፋችንን ለወላጅ መምህር ኅብረት ሰጠን። ኅብረቱ መምህሩን ጠርቶ አነጋገረ። ሰውየው በአንድ ራኩባ ውስጥ ሰማንያ ልጅ ብቻውን ይዞ፣ ምንም ሥልጠና ሳይወስድ፣ ወራት ማበረታቻ ሳያገኝ እንደቆየ ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ይህ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ድርጊቱን ግን አያጸድቅም፤ ይህንንም ኅብረቱ ነገረው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ጎማውን አስረከበ፣ አንድ ረዳት ተመደበለት፣ በክፍሉ ፊትም ልጆቹን ይቅርታ ጠየቀ። የእኔ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ከሦስቱ ልጆች አንዱ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ቀድመን ብንሰማ ኖሮ ይመለስ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ከዚህ የተማርነውንና ከድርጅቶቹ ጠይቀን የተረዳነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1ኛ. ልጁን መስማት። «ምን አድርገህ ነው?» ብለን አንጀምር። «ምን ሆንህ?» እንበል። ትምህርት ቤት አልሄድም የሚል፣ ሆዴን ይለኛል የሚል፣ በሌሊት የሚባንን፣ ሽንት የሚያመልጠው ልጅ በአፉ ያልተናገረውን በሰውነቱ እየነገረን ነው።

2ኛ. መመዝገብ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተደረገው ነገር፣ ያየ ሰው ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ወላጅ የሚያምነውን ሰው ያጽፍ። ቁስል ካለ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወረቀት ይያዝ።

3ኛ. ብቻ አለመሄድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። ሁለት ሦስት ወላጅ ሲሆን ነገሩ የግል ጠብ አይመስልም፤ ልጁም ለብቻው ተለይቶ አይታወቅም።

4ኛ. ደረጃውን ጠብቆ መጠየቅ። በቅድሚያ መምህሩን፣ ቀጥሎ ርእሰ መምህሩን፣ ከዚያ የወላጅ መምህር ኅብረቱን፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረውን ድርጅት፣ በመጨረሻም የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽንን እና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር የጥበቃ ክፍልን። የጻፋችሁትን አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጠይቁ፤ በቀኑም ተመለሱ።

5ኛ. ደረጃ የማይጠበቅበት ጊዜ። ልጅ ክፉኛ ከተጎዳ፣ ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰበት ደረጃ የለም፣ ሽምግልናም የለም። በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ጥበቃ ክፍል ይሂድ። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በቤተሰብ እርቅ የሚሸፈን ነገር አይደለም። በዚህ ጉዳይ ዓለም ራሱ ዘግይቶ ነው የነቃው። እ.ኤ.አ. በ2002 በምዕራብ አፍሪካ የስደተኛ መጠለያዎች የእርዳታ ሠራተኞችና መምህራን ሕፃናትን እንደሚበድሉ የሚገልጽ ሪፖርት ወጣ፤ በጥቅምት 2003 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በሠራተኞቻቸው ላይ ጥብቅ መመሪያ አወጡ። በእርዳታ፣ በማርክም ሆነ በገንዘብ ልጅን ለዚህ ነገር መጠየቅ በማንም ዘንድ የተከለከለ ነው።

የምንፈራው ነገር

ብዙ ወላጅ የማይናገረው አላዋቂ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። አንዱ ፍርሃት «ልጄን ይጥልብኛል» የሚል ነው። ስለዚህ ነው በጋራ መሄድ ያስፈለገው፤ ስለዚህም ነው አቤቱታ የቀረበባቸው የፈተና ወረቀቶች በሌላ መምህር እንዲታረሙ ኅብረቱ መጠየቅ የሚችለው።

ሁለተኛው ፍርሃት «ስሜ በክፉ ይጻፋል፣ ራሽኔ ይቀራል» የሚል ነው። ወገኖቼ፣ የራሽን ካርድ የተሰጠን ስደተኞች በመሆናችን ነው እንጂ ዝም በማለታችን አይደለም። ስለ ልጁ የጠየቀን ወላጅ በካርዱ የሚያስፈራራ ሰው ካለ ይህ ራሱ ሌላ አቤቱታ ነው።

ሦስተኛው ፍርሃት «መምህሩ ጎረቤቴ ነው፣ ነገ በለቅሶ በሠርግ እንገናኛለን» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ጠባብ ቦታ ነው የምንኖረው። ስለዚህ በቡና ላይ ስም አናጥፋ፣ ልጆች እየሰሙ መምህርን አንስደብ፣ በር ላይ ጠብቀን አንጣላ። በጽሑፍና በሥርዓት የቀረበ ጥያቄ ጉርብትናን አያፈርስም። የሚያፈርሰው ሐሜት ነው።

ለመምህራን የምንሰጠው

ወላጅ ትምህርት ቤቱን ተጠያቂ ማድረግ የሚችለው የራሱን ድርሻ ይዞ ሲመጣ ነው። ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ከገባችበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሁሉም ነገር ከብዷል። ከካርቱምና ከገዚራ የተፈናቀሉ ሱዳናውያን በገዳሪፍ ከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲጠለሉ አይተናል። ያስተናገደን ሕዝብ ራሱ ተፈናቃይ ሆኗል። በዚህ ጊዜ ሁሉን ከድርጅት መጠበቅ አይቻልም።

ስለዚህ በየተራ ሁለት ሁለት ወላጆች በክፍል ውስጥ እየተቀመጥን ሥርዓት ማስከበርን እናግዝ። መምህሩ ትንንሾቹን ሲያስተምር ትልልቆቹን የሚይዝ አንድ የተማረ ወጣት ከየዞኑ አይጠፋም። የመምህራን ማበረታቻ ሲዘገይ ጥያቄው የእነሱ ብቻ አይሁን፤ የወላጆችም ፊርማ አብሮ ይሂድ። ሥልጠናም አብረን እንጠይቅላቸው። ዱላውን አስቀምጥ ስንለው በምትኩ ምን ይዞ ክፍል እንደሚገባ ልናሳየው ይገባል።

ይህ ስብሰባ ከመበተኑ በፊት ሦስት ነገር እንዲወሰን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የመምህራን የሥነ ምግባር ደንብ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአረብኛ ተጽፎ በየክፍሉ በር ይለጠፍ። ዱላ፣ ጎማና ስድብ የተከለከሉ መሆናቸው በግልጽ ይጻፍበት።

ሁለተኛ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ አቤቱታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይምረጥ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ሴት ልጅ ለወንድ የማትናገረው ነገር አለ።

ሦስተኛ፣ ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ ከቀረ መምህሩ ወይም ኅብረቱ ቤቱ ድረስ ሰው ይላክ። ልጁን በአጨዳ ማሳ ወይም በደላላ እጅ ሳይሆን በቤቱ እናግኘው።

መምህራኖቻችን እንድታውቁልን የምፈልገው፣ ልጆቻችንን ለእናንተ ስንሰጥ ሥጋውንም አጥንቱንም አደራ ብለን መሆኑን ነው።  አሁን በሦስቱ ሐሳቦች ላይ አስተያየታችሁን እንድትሰጡ መድረኩን ለሰብሳቢው እመልሳለሁ።